የአሠራር ድርሰት፦ ያረጀ የሣንቃ ወለል እድሳት

ሀ. መግቢያ

ባለፉት ትምህርቶች ስለ ተራኪና ስለ ገላጭ ድርሰት ተምራችኋል። ተራኪ ድርሰት የሆነውን ነገር ይነግራል፤ ገላጭ ድርሰት የነገሩን መልክና ጠባይ በአንባቢው ፊት ያቀርባል። በዚህ ትምህርት የምናየው ግን አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳውን የጽሑፍ ዓይነት ነው። ይህንንም «የአሠራር ድርሰት» እንለዋለን።

ብዙ ተማሪዎች ይህን ዓይነት ድርሰት ቀላል ነው ብለው ይንቁታል። ቡና እንዴት እንደሚፈላ ወይም ጠላ እንዴት እንደሚጠመቅ ጻፉ ሲባሉ «ይህንማ ማን አያውቀውም!» ይላሉ። ነገር ግን ጽሑፉ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ተሰጥቶ፣ ያ ሰው በጽሑፉ ብቻ እየተመራ ሥራውን ሲጀምር የጸሐፊው ጉድለት ወዲያው ይገለጣል። በተራኪ ድርሰት ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ከቦታው ቢዛነፍ አንባቢው ለጊዜው ግራ ይጋባ እንደ ሆነ ነው እንጂ የሚደርስበት ጉዳት የለም። በአሠራር ድርሰት ውስጥ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ቦታውን ቢለቅ እንጨት ይበላሻል፤ ገንዘብ ይባክናል፤ አንዳንድ ጊዜም ቤት ይቃጠላል። ይህ የመጨረሻው ለማጋነን የተባለ እንዳልሆነ ከምንባቡ ትረዳላችሁ።

ለምንባብ የመረጥነው ያረጀ የእንጨት ወለል የሚታደስበትን ሥራ ነው። የመረጥንበትም ምክንያት በዚህ ሥራ ውስጥ አንዴ የተደረገውን መልሶ ማረም አስቸጋሪ ስለ ሆነ ነው። የበዛ ጨው በውሃ ሊቀንስ ይችላል፤ የተፋቀ እንጨት ግን ተመልሶ አይበቅልም።

ምንባቡን በመጀመሪያ አንድ ጊዜ በጸጥታ አንብቡ። ሁለተኛ ስታነቡ አንድ ሥራ ከሌላው በፊት ወይም በኋላ መሆኑን የሚያመለክቱትን ቃላት በእርሳስ አስምሩባቸው።

ለ. ምንባብ

ያረጀ ወለል

በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ቀደም ባለው ዘመን ከተሠሩት ቤቶች መካከል ወለላቸው ሣንቃ ወይም ፓርኬ የሆነ ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለው ወለል ሠላሳና አርባ ዓመት ካገለገለ በኋላ የነዋሪዎቹን ኑሮ እንደ መዝገብ ይዞ ይገኛል። ከበሩ እስከ ጓዳው ሰው የሚመላለስበት መስመር ቫርኒሹ አልቆ ነጥቷል፤ ወንበር የሚጎተትበት ተጭሯል፤ ውሃ ሲንጠባጠብበት የኖረው ማእዘን ጠቁሯል፤ በየበዓሉ የተቀባው ሰም ከአቧራ ጋር እየተደራረበ ተጋግሯል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ ወለሉ የሞተ ይመስለውና ነቅሎ ለመጣል ወይም በላስቲክ ምንጣፍ ለመሸፈን ያስባል። ብዙ ጊዜ ግን ያረጀው ከላይ ያለው ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ገጽ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለው እንጨት ገና ጤነኛ ነው።

ሥራው በመመርመር ይጀመራል። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ለመፋቅ የሚበቃ እንጨት መቅረቱ ነው። ከአንድ ወጥ እንጨት የተሠራ ሣንቃ አብዛኛውን ጊዜ 19 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። ይህ ሁሉ ግን የሚፋቅ አይደለም። ሣንቆቹ የተያያዙት የአንዱ ጠርዝ ምላስ፣ የሌላው ጠርዝ ያን ምላስ የሚቀበል ቦይ ሆኖ ነው፤ ከምላሱ በላይ ያለው እንጨት ወደ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ወለሉ አንድ ጊዜ በሙሉ ሲፋቅ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ይቀነስለታል። እንግዲህ የእንጨት ወለል እንደ ሳሙና ነው፤ በተጠቀሙበት ቁጥር ያልቃል። ከትንንሽ ቁራጮች የተገጣጠመው ስስ ፓርኬማ መላ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ይበልጥ ቁጠባ ያሻዋል። ውፍረቱን ለማወቅ በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የተመታው ጠባብ እንጨት በአንድ በኩል ይነቀልና የሣንቃው ጠርዝ ይታያል።

የእንጨቱም ዓይነት መታወቅ አለበት። የደን ባለሞያዎች ሰፊ ቅጠል ካላቸው ዛፎች የሚገኘውን ጠንካራ እንጨት፣ ከጥድና ከዝግባ ወገን የሚገኘውን ለስላሳ እንጨት ይሉታል። ስሙ የተሰጠው በዛፉ ወገን እንጂ በእጅ ተዳስሶ ስላይደለ አንዳንዱ «ለስላሳ» የተባለው ከአንዳንዱ «ጠንካራ» ከተባለው ይጠነክራል። ዋንዛም ወይራም በስም ጠንካራ እንጨቶች ናቸው፤ ነገር ግን መጋዝ የያዘ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ወይራው ዋንዛውን በብዙ ይበልጠዋል። ለለስላሳው እንጨት መኪናው ቶሎ ስለሚበላው እጅ መቆጠብ ይገባል።

ቀጥሎ ወለሉ ሰም ያለበት መሆኑ ይፈተናል። ጥቂት የውሃ ጠብታ በገጹ ላይ ይንጠባጠባል፤ ከ10 ደቂቃ ያህል በኋላ ከጠብታው ሥር ነጭ ምልክት ከታየ ሰም አለበት ማለት ነው። ሰሙ በተርፔንታይን በተነከረ ጨርቅ እየታሸ ሳይለቅ መፋቅ ቢጀመር ከመኪናው ሙቀት የተነሣ ቀልጦ ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ በእንጨቱ ውስጥ የቀረውም ቫርኒሹ እንዳይዝ ያደርገዋል። አሮጌው ሽፋን ቀለም ከሆነ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በድሮ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የተባለው ማዕድን ይገኝ ነበር፤ በአሜሪካ አገር ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እርሳስ ያለበት ቀለም ሲፋቅ የሚነሣው አቧራ በተለይ ሕፃናትን ስለሚመርዝ እንዲህ ያለው ወለል በደረቁ በመኪና መፋቅ የለበትም።

ከምርመራው በኋላ ክፍሉ ባዶ ይደረጋል። የላሉት ሣንቆች ይመታሉ፤ የተሰበሩት ይለወጣሉ፤ የምስማሮቹም ራስ ከወለሉ ገጽ በታች 3 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሰምጥ ድረስ በጫፈ ደንዳና ብረት እየተመታ ይገባል። አንድ የተረሳ ምስማር ወረቀቱን ይቀድዳል፤ ከብረቱም የሚፈናጠረው ፍንጣሪ እሳት ደቃቅ አቧራ ባለበት ክፍል ውስጥ የሚያስፈራ ነው። ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚወስዱት በሮች በላስቲክ ይታሸጋሉ።

መኪና ከመፈልሰፉ በፊት ይህ ሥራ በጉልበት ተንበርክኮ በእጅ መፋቂያ የሚሠራ ነበር። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ጉስታቭ ካይቦት እ.ኤ.አ. በ1875 በሣለው ታዋቂ ሥዕል ከወገባቸው በላይ የተራቆቱ ሦስት ሠራተኞች ተንበርክከው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው የአንድ የፓሪስ ቤት ወለል ሲፍቁ ይታያሉ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በወለሉ ላይ ተንጣሎ የተፋቀውን ነጣ፣ ያልተፋቀውን ጠቆር አድርጎ ያሳያል፤ እንጨቱም እንደ ተጠቀለለ ሪባን በየቦታው ወድቋል። የዘመኑ ዳኞች ሥዕሉን ለኤግዚቢሽን አንቀበልም አሉት። ሥዕሉ በሚቀጥለው ዓመት ሠዓሊው ከወዳጆቹ ጋር ባሳየበት ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ቀረበ፤ ዛሬ በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። የሠራተኛ ላብ ለሥዕል የሚበቃ ነገር አይደለም የሚሉ ሰዎች በነበሩበት ጊዜ ያን ወለል ትኩር ብሎ ያየ ሰው መገኘቱ መልካም ነው።

አሁን ዋናው መፋቅ የሚከናወነው በሚሽከረከር ከበሮ ላይ የብርጭቆ ወረቀት በተጠመጠመበት መኪና ነው። የብርጭቆ ወረቀት የተባለው ቀድሞ የተፈጨ ብርጭቆ ይለጠፍበት ስለ ነበረ ነው፤ ዛሬ የሚለጠፍበት ሌላ ጠንካራ ማዕድን ነው፤ ስሙ ግን ቀርቷል። ወረቀቱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ወረቀቱ ሸካራ፣ በበዛ መጠን ለስላሳ ነው። በጣም ለተጎዳ ወለል በ40 ቁጥር ይጀመራል፤ ከዚያ በ60፣ በመጨረሻም በ80 ወይም በ100 ይፋቃል። የቸኮለ ሠራተኛ ከ40 ወደ 100 ይዘላል። ነገር ግን ሸካራው ወረቀት የተወውን ጥልቅ ጭረት ለስላሳው አያጠፋውም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። ጭረቱም ቫርኒሽ ሲነካው ወዲያው ብቅ ይላል።

የመኪናው አያያዝ አንድ ዋና ሕግ አለው፤ ከበሮው እየዞረ በአንድ ቦታ መቆም የለበትም። ሠራተኛው ከበሮውን ከወለሉ አንሥቶ መኪናውን ያስነሣል፤ መራመድ ከጀመረ በኋላ ከበሮውን ቀስ አድርጎ ያወርዳል፤ ከግድግዳው ሳይደርስም እየተራመደ ያነሣዋል። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ቢቆም ከበሮው ቦይ ይቆፍራል፤ ያን ቦይ ለማጥፋትም የክፍሉን ወለል በሙሉ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። አካሄዱ የእንጨቱን ጅማት የተከተለ ይሁን። የጅማቱ አቅጣጫ እየተለዋወጠ በተደረደረ ፓርኬ ላይ ግን አንዱን ሲከተሉ ሌላውን ማቋረጥ ስለማይቀር በአግድም ማዕዘን ይፋቅና በመጨረሻው ላይ ጭረቱ በለስላሳ ወረቀት ይጠፋል። ከበሮው የማይደርስበት የግድግዳ ሥር በአነስተኛ የጠርዝ መፋቂያ፣ ማእዘኑ በእጅ መፋቂያ ይሠራል። አንድ ቦታ ሳይነካ መቅረቱን ለማወቅ ወለሉን በእርሳስ ስስ አድርጎ መሞነጫጨር ነው፤ የእርሳሱ መስመር በሙሉ ሲጠፋ ያ ዙር ተፈጸመ። በሌሊት ደግሞ አምፖል ዝቅ ብሎ ወደ ወለሉ ቢያዝ በቀን የማይታየው ጭረት ጥላ ያወጣል።

አቧራው ተራ ነገር አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጽሑፍ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መደብ ውስጥ አግብቶታል፤ በተለይ የሚጎዳውም አፍንጫንና አካባቢውን ነው። ስለዚህ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ይሠራል። የመኪናው የአቧራ ከረጢትም በየጊዜው ከቤት ውጭ ይገለበጣል እንጂ ሞልቶ አያድርም፤ ከአሮጌ ቫርኒሽ ጋር የተቀላቀለ ትኩስ አቧራ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላልና።

ወለሉ ተፍቆ ካለቀ በኋላ በመጀመሪያ የመስኮቱ ደፍ፣ ከዚያም ግድግዳው፣ በመጨረሻ ወለሉ ይጠረጋል፤ በአቧራ መሳቢያም ይነጻል። ቫርኒሹ በእንጨት ይማሰላል እንጂ አይናጥም፤ ከተናጠ አረፋ ያወጣል፤ አረፋውም በወለሉ ላይ ይደርቃል። መቀባት የሚጀመረው ከበሩ በራቀው ማእዘን ነው። ከበሩ ጀምሮ ወደ ውስጥ የቀባ ሰው እስከ ማግስቱ ከማእዘን ሳይወጣ ያድራል። በቅባት የተሠራ ቫርኒሽ ከአንዱ ቅብ እስከ ሁለተኛው ቅብ 24 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በውሃ የሚቀጥነው ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። በሁለቱ ቅቦች መካከል ገጹ በ220 ቁጥር ወረቀት በስሱ ይታሽና ይወለወላል። ሥራው እስኪያልቅና ሽታው እስኪጠፋ ድረስ በቤቱ ውስጥ ከሰል ማቀጣጠልም ሆነ ሲጋራ ማጨስ አይገባም። ዕቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ ይመለሳል፤ ምንጣፍ ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይጠብቃል።

ከቫርኒሽ ይልቅ የተልባ ዘይት የሚመርጡ አሉ። የተልባ ዘይት የሚደርቀው እንደ ውሃ በመትነን አይደለም፤ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ይጠጥራል፤ ይህም ሲሆን ሙቀት ይሰጣል። በሰፊ ወለል ላይ ሲሆን ሙቀቱ ይበተናል። ዘይቱን የጠጣ ጨርቅ ተጨማድዶ በጥግ ሲጣል ግን ሙቀቱ መውጫ አጥቶ በውስጡ ይከማቻል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ክብሪት ሳይጫርበት ይነድዳል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1991 (የካቲት 16 ቀን 1983 ዓ.ም.)፣ ቅዳሜ ምሽት፣ በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ 38 ፎቅ ባለው ዋን ሜሪድያን ፕላዛ በተባለ ሕንፃ እሳት ተነሣ። መነሻው 22ኛው ፎቅ ነበር። በዚያ የእንጨት ሥራ ሲያድሱ የዋሉ ሠራተኞች የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ትተው ሄደው ነበር። እሳቱ ወደ 19 ሰዓት ያህል ነደደ፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ፤ ስምንት ፎቅ ከተቃጠለ በኋላም የቆመው ውሃ የሚረጩ ቧንቧዎች በነበሩበት በ30ኛው ፎቅ ነው። ስለዚህ ጨርቁ ከእጅ እንደ ወጣ ከቤት ውጭ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ይደርቃል፤ አለዚያም ውሃ በተሞላ የቆርቆሮ ዕቃ ውስጥ ተነክሮ ይከደናል።

ሐ. ቃላት

በምንባቡ ውስጥ «ጅማት» የተባለው በእንስሳ ሥጋ ውስጥ ያለው አይደለም፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ የሚከተለው የቃጫው አቅጣጫ ነው። «ምላስ»ም እንዲሁ በቦይ ውስጥ የሚገባውን የሣንቃ ጠርዝ ያመለክታል። ባለሞያዎች ለመሣሪያቸውና ለዕቃቸው ከሰውነት ክፍል ስም መዋስ ይወድዳሉ፤ የምስማር ራስ፣ የመጋዝ ጥርስ፣ የመርፌ ዓይን፣ የጠርሙስ አንገት ይላሉ። እናንተም በሠፈራችሁ ካሉት ባለ እጆች እንዲህ ያሉ አምስት ስሞች ጠይቃችሁ ጻፉ።

መ. ሰዋስው

በምንባቡ ያሰመራችሁባቸውን ቃላት ተመልከቱ። ብዙዎቹ ቦዝ አንቀጾች ናቸው። «ሠራተኛው ከበሮውን ከወለሉ አንሥቶ መኪናውን ያስነሣል» በሚለው ዐረፍተ ነገር «አንሥቶ» ቦዝ አንቀጽ፣ «ያስነሣል» ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዐረፍተ ነገር አያስርም፤ ነገር ግን የሥራውን ተራ ያለ ተጨማሪ ቃል ያሳያል። ማንሣቱ ቀደመ፤ ማስነሣቱ ተከተለ። ሁለቱን አገላብጠን «መኪናውን አስነሥቶ ከበሮውን ከወለሉ ያነሣል» ብንል ሰዋስዉ ምንም ጉድለት የለበትም፤ ወለሉ ግን ተቆፍሯል። አንድ ዐረፍተ ነገር በሰዋስው ትክክል ሆኖ በሥራ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ አስተውሉ።

ቦዝ አንቀጽ ሲበዛ ግን ይሰለቻል። «ጠርጎ፣ ወልውሎ፣ አማስሎ፣ ነክሮ፣ ቀብቶ፣ ጠብቆ፣ አሽቶ፣ ደግሞ ቀባ» የሚል ጸሐፊ አንባቢው ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ አልተወለትም። ከሦስት በላይ ሲሆን ዐረፍተ ነገሩን መቁረጥ ይሻላል።

የቦዝ አንቀጹ ባለቤትም መጠበቅ አለበት። «ወለሉን ፍቆ አቧራው ተጠረገ» የሚለው ትክክል አይደለም፤ የ«ፍቆ» ባለቤት ያልተጠራ ሰው፣ የ«ተጠረገ» ባለቤት አቧራው ነውና። «ወለሉ ተፍቆ አቧራው ተጠረገ» ወይም «ሠራተኛው ወለሉን ፍቆ አቧራውን ጠረገ» መባል አለበት። በአማርኛ የሁለቱ ባለቤት ፈጽሞ መለያየት የለበትም ማለታችን አይደለም፤ «ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ሞላ» ስንል ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሩም ያማረ ነው። ልዩነቱ በዚህኛው ሁለቱም ባለቤቶች በስማቸው መጠራታቸው ነው።

አሁን ደግሞ በአሠራር ድርሰት ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተውን ቃል እንመልከት። «ቫርኒሹ ሲደርቅ ሁለተኛው ቅብ ይቀባል» ብንል «ሲደርቅ» ሁለት ትርጉም ይሰጣል። አንደኛው «ደርቆ ባለቀ ጊዜ» ሲሆን፣ ሁለተኛው «በመድረቅ ላይ ሳለ» ነው። «ሲበላ ደረስኩ» ስንል መብላቱ እንዳላለቀ፣ «ሲመሽ እመጣለሁ» ስንል ግን ምሽቱ መድረሱን እንደምናመለክት አስቡ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን አስቦ ጻፈ፤ አንባቢው ሁለተኛውን ተረዳ፤ ገና እርጥብ በሆነው ላይ ቀባበት፤ ወለሉም እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማደደ። ስለዚህ ጊዜው መለየት ባለበት ቦታ ሁሉ «ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ» ወይም «እስኪደርቅ ድረስ 24 ሰዓት ቆይቶ» ማለት ይገባል። «እየደረቀ» የሚለው ደግሞ ያላለቀ ሥራን ብቻ ያሳያል።

«ሳይ» የሚለው ምእላድ የተለየ ኃይል አለው። «ከግድግዳው ሳይደርስ ያነሣዋል» ስንል ድርጊቱ ከመፈጸሙ በፊት ማለት ነው። «ሰሙ ሳይለቅ መፋቅ ቢጀመር» ስንል ግን መደረግ የነበረበት ነገር አለመደረጉን ያሳያል። ሁለቱን ከምንባቡ አውጥታችሁ አወዳድሩ።

ስለ ገቢርና ስለ ተገብሮ አንቀጽ ከዚህ ቀደም ተምራችኋል። ምንባቡ በአብዛኛው በተገብሮ የተጻፈ ነው፤ «ይጠረጋል፣ ይመታል፣ ይነቀላል» ይላል። ሥራውን ማንም ይሥራው ዋናው ሥራው ነው የሚል አስተሳሰብ ስላለበት ነው። መኪናው ጋ ሲደርስ ግን ሠራተኛው በባለቤትነት ብቅ ይላል፤ በዚያ ቦታ የሚወስነው የሰውየው እጅና እግር ነውና። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንዳንድ ገቢርና ተገብሮ አንቀጾች በጽሕፈት አንድ ይሆናሉ። «ሠራተኛው ወለሉን ይቀባል» እና «ወለሉ ይቀባል» በሚሉት ውስጥ «ይቀባል» አጻጻፉ አንድ ሲሆን በሁለተኛው ፊደላቱ ይጠብቃሉ። «ወለሉን መፋቅ» እና «የወለሉ መፋቅ» ስንልም እንዲሁ ነው። አንባቢውን ከጥርጣሬ የምታድነው በተሳቢው ላይ የምትጨመረው «ን» ናት። አነስተኛ ፊደል ብትሆንም በአሠራር ድርሰት ውስጥ ከማንኛዋም ይበልጥ ትሠራለች።

ሠ. ድርሰት

ከዚህ በታች ያለው ስለዚሁ ሥራ ሆን ተብሎ በስሕተት የተጻፈ አንቀጽ ነው።

«ወለሉን ለማደስ መፋቂያ መኪና ተከራይቶ ወለሉ በደንብ ይፋቃል። ከመፋቁ በፊት ምስማሩን አስምጡ። ቫርኒሹ ሲደርቅ ሁለተኛ ትቀባለህ። መጀመሪያ ግን አቧራው መጠረግ ነበረበት። በመጨረሻም ጨርቁን ጥላችሁ ሥራው ያልቃል።»

በመጀመሪያ የሚታየው አነጋገሩ አለመጽናቱ ነው። ጸሐፊው በ«ይፋቃል» ጀምሮ ወደ «አስምጡ»፣ ከዚያ ወደ «ትቀባለህ»፣ መልሶ ወደ «ጥላችሁ» ይዘላል። ተገብሮውን፣ ትእዛዙን ወይም የሁለተኛውን መደብ መምረጥ የጸሐፊው ፈንታ ነው፤ በእኛ አስተያየት ለሥራ መመሪያ ትእዛዝ አንቀጽ፣ ለትምህርት ጽሑፍ ተገብሮ ይስማማል። ያለ ምክንያት መቀያየር ግን አይቻልም።

«በደንብ» የሚለው ቃልም ምንም አይነግረንም። በደንብ ማለት በስንት ቁጥር ወረቀት፣ ስንት ዙር፣ በየትኛው አቅጣጫ ነው? «በደንብ»፣ «በጥንቃቄ»፣ «እንደሚገባ» የሚሉት ቃላት ጸሐፊው የማያውቀውን የሚሸፍንባቸው መጋረጃዎች ናቸው። ቃሉን ሰርዛችሁ በቦታው ቁጥር ወይም ምልክት አግቡ፤ «የእርሳሱ መስመር እስኪጠፋ ድረስ» ከሺህ «በደንብ» ይበልጣል።

ትልቁ ስሕተት የማስጠንቀቂያው ቦታ ነው። «ከመፋቁ በፊት ምስማሩን አስምጡ» የሚለው ከመፋቁ በኋላ ተጽፏል። የሥራ ጽሑፍ አንባቢ እንደ ልቦለድ አንባቢ እስከ መጨረሻው ጨርሶ ወደ ሥራ አይሄድም፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ያነባል፣ ይሠራል፣ ተመልሶ ሌላውን ያነባል። ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሲያነብ መኪናው ምስማሩን መትቶታል። ማስጠንቀቂያ ምንጊዜም ከሚያስጠነቅቅበት ሥራ በፊት ይጻፋል። ጨርቁን በሚመለከት ደግሞ ጸሐፊው ጨርሶ አላስጠነቀቀም፤ «ጥላችሁ» ብሎ ብቻ ዘጋው። የፊላዴልፊያውን ሕንፃ ያነበበ ሰው ይህን ቃል እንደ ዋዛ አያልፈውም።

ረ. መልመጃ

1. በክፍል ሠ የተሰጠውን የተሳሳተ አንቀጽ በትእዛዝ አንቀጽ አስተካክላችሁ እንደ ገና ጻፉ። «ሲ» የሚለውን ምእላድ አትጠቀሙ።

2. የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ትርጉም አላቸው። ሁለቱንም ትርጉም ለይታችሁ የሚያሳዩ ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ።
ሀ. ዘይቱ ሲሞቅ ሽንኩርቱ ይጨመራል።
ለ. እንጨቱ ሲቆረጥ እዩት።
ሐ. ሊጡ ሲቦካ ውሃ ይጨመርበታል።

3. ጸሐፊው ስለ ካይቦት ሥዕል የሚናገረውን አንቀጽ በመኪናው አሠራር ፊት ያስገባው ለምን ይመስላችኋል? ከምንባቡ ቢወጣ የሚጎድል የሥራ ደረጃ አለን? መልሳችሁን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።

4. በእጃችሁ ሠርታችሁ ከምታውቁት ሥራ አንዱን፣ ለምሳሌ አዲስ ምጣድ ማሟሸትን፣ የብስክሌት ጎማ መጠገንን ወይም ጥጥ መፍተልን መርጣችሁ ከ200 እስከ 250 ቃላት ያለው የአሠራር ድርሰት ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ያን ሥራ ለማያውቅ ጓደኛችሁ አንብቡለት። እርሱም በጽሑፉ ያለውን ብቻ በእጁ እያሳየ ይሥራ፤ ያልተጻፈውን አይሥራ። የቆመበት ወይም የተሳሳተበት ቦታ ሁሉ በቀይ ይሰመርበትና ድርሰቱ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ታርሞ ይቅረብ።